ከጠጠር ሥር ያለች ኡማ



የዛሬው ማስታወሻችን ረዘም ስለሚል ሱረቱል ከህፍን ቀርታችሁ ስትጨርሱ አረፍ ብላችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት የመስጂዳችንን አጥር ለመጠገን አሸዋ አስፈለገንና ከይጁቤ ወጣ ብላ ወዳለች ወንዝ ወረድን። አምስት ወጣቶች፣ ሁለት አካፋ፣ አንድ ዶማ፣ ጥቂት ባዶ ማዳበሪያና አንዲት አህያ ይዘናል። በጋ ስለሆነ ውኃው ቀጥኗል። ከልጆቹ አንዱ ኑሮው አሸዋ መጫን ነው፤ በቀን ሥራ ገልባጭ መኪና እየሞላ ታናናሾቹን ያስተምራል። አካፋውን ውኃው መሐል ሊሰካ ሲል ቀና ብሎ እንዲህ አለኝ፦

«ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የወንዝ አሸዋ ባለቤት የለው። የማንንም ማሳ አልነካን፣ የማንንም አጥር አላፈረስን። ብንወስደው የምንጎዳው አለ እንዴ?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። «የለም፣ ውሰድ» ልለው ነበር። ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የባዮሎጂ መምህራችን ያሳዩን ነገር ትዝ አለኝና «ቆይ፣ አካፋውን አስቀምጠው» አልኩት። ሱሪዬን ሰብሰብ አድርጌ ውኃው ውስጥ ገባሁና ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አንስቼ ገለበጥኩት።

ልጆቹ ተሰበሰቡ። ድንጋዩ ሆድ ላይ ጠፍጣፋ፣ ባለ ሦስት ጭራ ነፍሳት ተለጥፈው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ከጎናቸው ከአሸዋ ቅንጣት የተሠራች፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ቱቦ አለች። አንዱ ልጅ «ይቺ እንኳ ጠጠር ናት» አለ። ትንሽ ቆይታ ጠጠሯ መራመድ ጀመረች። «ሱብሓነላህ!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

ያቺ ቱቦ ቤት ናት። ውስጧ ያለው እጭ ከአፉ ሐር የመሰለ ክር እያወጣ፣ የአሸዋ ቅንጣት እየመረጠ፣ አንዱን ካንዱ እያጣበቀ የሠራት ቤት። ሲያድግ ክንፍ አውጥቶ ይበራል፤ እስከዚያው ግን አገሩ የጠጠሩ ሥር ነው።

ለዚያ ወንድማችን በዕለቱ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ረጅሙን ዛሬ ለሁላችሁም ልጽፈው ወደድኩ። መልሱ ከወንዛችን ተነስቶ ባሕር ድረስ ይወስደናል፤ የአሸዋና የጠጠር ነዋሪዎች ነገር ጎልቶ የሚታየው የባሕር ወለል ላይ ነውና። ከዚያ ተመልሰን ወንዛችን ዳር እንቆማለን፣ ኢንሻአላህ።

*ማኅበረሰብና ኡማ*

ከመቶ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ፣ ዮሐንስ ፔተርሰን የሚባል የዴንማርክ ተመራማሪ አንድ ጥያቄ ነበረው፦ የባሕሩ ወለል ለዓሦቹ ምን ያህል ምግብ ያወጣል? ለዚህም ወለሉን ዘግኖ የሚያወጣ የብረት መንጋጋ ያለው መሣሪያ ሠርቶ ከጀልባ እየወረወረ አፈሩን ማውጣት፣ በወንፊት ማጠብ፣ የቀሩትን እንስሳት አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ። ብዙ ቦታ ሲቆጥር አንድ ነገር አስተዋለ። ጭቃማ ወለል የራሱ ነዋሪዎች አሉት፤ አሸዋማውም የራሱ፤ ጠጠራማውም የራሱ። ወለሉ ሲመሳሰል ጎረቤቶቹም ይመሳሰላሉ። እነዚህን አብረው የሚገኙ እንስሳት «ማኅበረሰብ» ብሎ ጠራቸው። አጠራሩ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

አሁን ቁርኣናችሁን ክፈቱና ሱረቱል አንዓም 38ኛውን አንቀጽ ፈልጉ። በምድር ስለሚንቀሳቀሱትና በክንፋቸው ስለሚበሩት ፍጥረታት የተነገረበት ነው። እዚያ ውስጥ «ኡመም» የምትለዋን ቃል ታገኛላችሁ፤ የ«ኡማ» ብዙ ቁጥር ናት። እኛ ራሳችንን የምንጠራበት ቃል ለእነሱም ተሰጥቷል።

ቁርኣን የባዮሎጂ መማሪያ ነው እያልኳችሁ አይደለም፤ ፔተርሰንም ቁርኣን አንብቦ ወንፊቱን አላነሳም። ዕውቀትን እንዲህ ማምታታት ለዲኑም ለሳይንሱም አይበጅም። የምላችሁ ሌላ ነው፦ አንድን ነገር «ኡማ» ብሎ የሚጠራ መጽሐፍ የሚቀራ ሰው፣ ያ ነገር የሚኖርበትን ቦታ «ባዶ» ብሎ ለመጥራት መቸኮል የለበትም።

*ባሕሩ ደጃችን ነበር*

«እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ባሕር ምናችን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እንግዲህ ስሙ።

ከደጀን ወደ አባይ ድልድይ በመኪና የወረደ ሰው በአንድ ጉዞ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ አልፏል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ገደል ሆኖ ተደርድሯል። ወረድ ሲሉ ጀሶ ያለበት ንብርብር፣ ከታች ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ አለ። የእኛም ወረዳ ባሶ ሊበን በደቡብ በኩል የሚያልቀው በዚሁ በአባይ ሸለቆ ነው።

የኖራ ድንጋዩ የባሕር ወለል ነበር። ውስጡ የዛጎል፣ የባሕር ጃርትና የኮራል ቅሪት ይገኛል። እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ብላንፎርድ ትግራይ ውስጥ ይህን ድንጋይ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው ጽሑፍ «የአንጣሎ የኖራ ድንጋይ» ብሎ ሰይሞታል፤ በአባይ ሸለቆ ያለውም በዚሁ ስም ይጠራል። የሥነ ምድር ባለሙያዎች እንደሚያሰሉት ዕድሜው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ያን ጊዜ ዛሬ በሬ የሚያርስበት ምድራችን ጥልቀት በሌለው ባሕር ተሸፍኖ ነበር።

ሲሚንቶ የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስለዚህ የመስጂዳችንን አጥር ስንጠግን ሁለት ወለል እናቦካለን፦ የጥንት ባሕር ወለል በሲሚንቶው፣ የዛሬ ወንዝ ወለል በአሸዋው። የጥንቱ ነዋሪዎች ሞተው ድንጋይ ሆነዋል። የዛሬዎቹ ግን በሕይወት አሉ፤ ልዩነቱ ይህ ነው።

*ባቄላና ዱቄት*

ጠጠርና አሸዋ ለምን ቤት ሊሆን ቻለ? ጓዳ ገብተን እናታችንን እንጠይቅ።

አንድ ወንፊት ላይ ባቄላ አፍስሱ፤ ሌላው ላይ የጤፍ ዱቄት። ሁለቱም ላይ ውኃ አፍሱ። በባቄላው መሐል ውኃው ሹልክ ብሎ ያልፋል። ዱቄቱ ግን ሊጥ ሆኖ ውኃውን ይዞ ይቀራል። የባሕር ወለልም እንዲሁ ነው። ባለሙያዎች ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ጠጠር፣ ከዚያ በታች እስከ 0.063 ሚሊ ሜትር ያለውን አሸዋ፣ ከዚያ የሚያንሰውን ጭቃ ይሉታል። ጭቃው ዱቄት ነው፤ ሻካራው አሸዋና ጠጠሩ ባቄላ ነው።

በባቄላው መሐል ያለው ክፍተት ነው እንግዲህ ቤቱ። ማዕበልና ጅረት ውኃውን በክፍተቱ ውስጥ እየገፉ ያስገቡታል፤ ውኃው ኦክስጅንና ፍርፋሪ ምግብ ይዞ ይገባል፣ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ጭቃማ ወለል ውስጥ ግን ኦክስጅኑ ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወርዶ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ያለው ጥቁርና የሚከረፋ ነው። እዚያም የሚኖሩ አሉ፤ አላህ ለጭቃውም ነዋሪ ፈጥሮለታል። የጠጠሩ ልጅ ግን ጭቃ ውስጥ አይኖርም፤ የጭቃውም ልጅ ጠጠር ውስጥ አይመቸውም።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን። ከክፍተቱ አንዲት ጠጠር እንኳ ሳይወሰድ፣ ክፍተቱ በደለል ብቻ ቢደፈን ቤቱ ፈርሷል።

*የጠጠሩ ነዋሪዎች*

አሁን ጎረቤቶቹን እናስተዋውቃችሁ።

አንደኛው አምፊዮክሰስ ይባላል። ርዝመቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ ሰውነቱ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ትንሽ ዓሣ መሰል ፍጥረት ነው። ንጹሕ ሻካራ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ አፉን ብቻ ብቅ አድርጎ ይውላል፤ ውኃውን እያጣራ በውስጡ ያለውን ደቃቅ ምግብ ይበላል። አጥንት የለውም፤ በጀርባው ግን አከርካሪን የሚመስል ተጣጣፊ ዘንግ አለው። በዚህ አሠራሩ ምክንያት በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሎጂ ተማሪ ሁሉ ያጠናዋል።

ሁለተኛው የአተር ፍሬ የሚያህል የባሕር ጃርት ነው። ሌሎች የባሕር ጃርቶች ትልልቅ ሆነው በአለት ላይ ይታያሉ፤ ይህ ግን በጠጠሩ መሐል እየተሽሎከለከ የሚኖር፣ አድጎ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነው።

ሦስተኞቹ ወፍራም ቅርፊት ያላቸው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች ናቸው። ጠጠር በማዕበል ሲንከባለል ቀጭን ቅርፊት ይሰብራል፤ እነሱ ግን ጋሻቸውን አጥብቀው ይኖራሉ።

አራተኞቹ ቤት ሠሪ ትሎች ናቸው። ፔክቲናሪያ የምትባለዋ የባሕር ትል የአሸዋ ቅንጣት እየመረጠች፣ አንዷን ካንዷ ጎን እየገጠመች ሾጣጣ ቱቦ ትሠራለች። ግድግዳው የአንድ ቅንጣት ውፍረት ብቻ አለው፤ አናጢ ሠራው ብትባሉ ታምናላችሁ። ወንዛችን ውስጥ የተራመደችውን «ጠጠር» አስታወሳችሁ? አንዷ ባሕር፣ ሌላዋ ደጋ ወንዝ፤ አይተዋወቁም፣ አይዛመዱም። ሁለቱም ከአሸዋ ቤት መሥራት ያውቃሉ። ማን አስተማራቸው?

ከእነዚህ ሌላ በዓይን የማይታዩት አሉ። አንድ እፍኝ የባሕር አሸዋ በማይክሮስኮፕ ሲታይ በቅንጣቶቹ መሐል የሚርመሰመሱ ብዙ ደቃቅ እንስሳት ይገኙበታል። ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ብዙዎቹ እንደ ክር ቀጫጭን ናቸው፤ ማዕበሉ እንዳይወስዳቸውም ቅንጣቱን በማጣበቂያ ወይም በመንጠቆ ይይዛሉ።

*እስከ 1983 ስም ያልነበረው ፍጥረት*

ከእነዚህ ደቃቆች የአንዱን ታሪክ ልንገራችሁ።

እንስሳትን የሚመድቡ ሊቃውንት ዓለሙን ሁሉ በጥቂት ትልልቅ ክፍሎች ያስቀምጣሉ፤ ክፍለ ስፍን ይሏቸዋል። ዓሣው፣ ወፉ፣ በሬውና ሰው ሁሉ በአንድ ክፍለ ስፍን ውስጥ ናቸው። ነፍሳት፣ ሸርጣንና ሸረሪት በሌላ። ስለዚህ አዲስ ዝርያ ማግኘት የተለመደ ነው፤ አዲስ ክፍለ ስፍን ማግኘት ግን በአንድ ሊቅ ዕድሜ አይጠበቅም።

ሬይንሃርት ክሪስተንሰን የተባለ ሌላ የዴንማርክ ተመራማሪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳይ ውስጥ ሮስኮፍ በሚባል የባሕር ዳርቻ የዛጎል ስብርባሪ የሞላበት ጠጠር ያጠና ነበር። የቆይታው መጨረሻ ደርሶ ጊዜ አጠረው። ናሙናውን በተለመደው አድካሚ ዘዴ ከማጠብ ይልቅ በቸኮለ ሰው ዘዴ በንጹሕ የመጠጥ ውኃ አለቀለቀው። ጨው የለመዱት እንስሳት ጨው አልባው ውኃ ሲነካቸው ደንግጠው የያዙትን ቅንጣት ለቀቁ። ከለቀቁት መሐል ማንም የማያውቀው ፍጥረት ተገኘ፦ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ጥሩር እንደ ለበሰ ወታደር በቅርፊት የተከበበ፣ ራሱን ወደ ውስጥ መሰብሰብ የሚችል። እ.ኤ.አ. በ1983 ሎሪሲፈራ የሚባል አዲስ ክፍለ ስፍን ሆኖ ለዓለም ተዋወቀ።

አስቡት። ሰው ጨረቃ ላይ የወጣው በ1969 ነው። ከዚያ 14 ዓመት በኋላ፣ አውሮፓ ውስጥ፣ በጥናት ጣቢያ ደጃፍ ባለ ጠጠር ውስጥ አንድ ሙሉ የፍጥረት ክፍል ስም ሳይኖረው ይኖር ነበር። ይኸው ፍጥረት በዚያ ሁሉ ዘመን ይበላ ነበር፣ ይራባ ነበር፣ ሪዝቁ አልተቋረጠም። እኛ ስላላወቅነው አልጠፋም። ሱረቱ ሁድ 6ኛውን አንቀጽ ስትቀሩ ከዛሬ ጀምሮ ይህን ጠጠር አስታውሱ፤ የእያንዳንዱ ተንቀሳቃሽ ፍጥረት ሲሳይ በማን ላይ እንደሆነ፣ ማረፊያውንም ማን እንደሚያውቅ የተነገረው እዚያ ነው።

*ወለሉ ሲለወጥ*

አሁን ወደ ያዝነው ነጥብ እንመለስ። ቤቱ ሲፈርስ ምን ይሆናል?

በደቡብ ቻይና ሺያመን በሚባል ከተማ አጠገብ ዓሣ አጥማጆች አምፊዮክሰስን ከአሸዋው በአካፋ እየዛቁ ይሸጡ ነበር። በየዓመቱ በቶን የሚቆጠር ይወጣ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1923 አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ስለዚህ ሥራ በሳይንስ መጽሔት ጽፏል። በ1950ዎቹ ደሴቲቱን ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኝ ረጅም የድንጋይ መንገድ በባሕሩ ላይ ተሠራ። የውኃው ፍሰት ተለወጠ፤ ደለል ተከማቸ፤ ንጹሑ ሻካራ አሸዋ ጭቃ ሆነ። የአምፊዮክሰሱ ሥራም ወደቀ። እንስሳውን ለመጨረስ ያሰበ ሰው አልነበረም። መንገድ ነው የተሠራው፤ ለሰው የሚጠቅም መንገድ። ነገር ግን ወለሉን ማንም አልጠየቀውም። አብሮም የአጥማጆቹ እንጀራ ሄደ።

ሌላም አለ። በሰሜን አትላንቲክ ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ በመንጋ ይዋኛል፤ ብዙ ሕዝብ የሚመገበው ዓሣ ነው። ዕንቁላሉን ግን ውኃው ላይ አይበትንም፤ ወርዶ በንጹሕ ጠጠር ላይ ያጣብቀዋል። በጠጠሩ መሐል የሚያልፈው ውኃ ዕንቁላሉን ያስተነፍሰዋል። ጠጠሩ ከተነሳ ወይም ደለል ከለበሰ፣ ባሕሩ በዓሣ ቢሞላም መውለጃ የለውም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ዓለም በየዓመቱ 50 ቢሊዮን ቶን ያህል አሸዋና ጠጠር እንደምትጠቀም ገልጿል፤ ሰው ከውኃ ቀጥሎ በብዛት የሚጠቀምበት ሀብት ነው። በ2023 ደግሞ ከባሕርና ከውቅያኖስ ወለል ብቻ በዓመት ከ4 እስከ 8 ቢሊዮን ቶን እንደሚዛቅ ገምቷል። «በረሃው አሸዋ ሞልቶት የለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። የበረሃው አሸዋ ነፋስ ሲያንከባልለው ክብና ልሙጥ ስለሚሆን ለኮንክሪት አይመችም። ስለዚህ ዓለም ሁሉ ዓይኑን የጣለው ወንዝና ባሕር ላይ ነው።

ተስፋም አለ። ከአሜሪካና ከካናዳ ባሻገር ጆርጅስ ባንክ የሚባል ሰፊ የባሕር ወለል አለ፤ ከፊሉ ጠጠር ነው። ወለሉን የሚጎትቱ ከባድ መረቦች ነዋሪዎቹን እያጠፉ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ከፊሉ ቦታ ለእነዚህ መረቦች ተዘጋ። ተመራማሪዎች ከዓመት ዓመት እየተመለሱ ሲቆጥሩ እንስሳቱ በቁጥርም በክብደትም እየበዙ መጡ። የጠጠሩ ማኅበረሰብ ፋታ ካገኘ ተመልሶ ይቆማል። ማገገም የሚችለው ግን ጠጠሩ ራሱ በቦታው ካለ ነው።

*ወደ ወንዛችን*

ባሕሩን እዚህ እንተወውና ወደ አገራችን እንመለስ።

የጣና ሐይቅ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የባርበስ ወገን ትልልቅ ዓሦች አሉት። ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ገባር ወንዞቹ፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ውኃ የሚያልፍበት ጠጠር ነው፤ ዕንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ሄሪንግ በአትላንቲክ የሚያደርገውን የእኛው የጣና ዓሣ በጎንደር ወንዞች ያደርገዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 መካከል በተደረገ ንጽጽር የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ዋናው ምክንያት ለመውለድ ሲወጡ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ መጠበቁ ነው። ከመረቡ የተረፈው ዓሣ ደግሞ ወጥቶ የሚያገኘው ጠጠር ያስፈልገዋል።

የእኛስ? ጨሞጋ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ ተራራ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ አካባቢ አልፎ ወደ አባይ ይወርዳል። እሱና ገባሮቹ የሚያንከባልሉት ድንጋይና አሸዋ ሥር እኛ የገለበጥናቸው ዓይነት ነፍሳት ይኖራሉ። ነፍሳቱን ዓሣውና ሸርጣኑ ይበላቸዋል፤ ክንፍ አውጥተው ሲበሩ ወፉ ይለቅማቸዋል። ከድንጋዩ ላይ አረንጓዴውን ልብስ የሚግጡት፣ የበሰበሰውን ቅጠል የሚቆራርጡት እነሱ ናቸው።

የውኃውን ጤንነትም ይመሰክራሉ። ቆሻሻ ሲበዛ ቀድመው የሚጠፉ አሉ፤ ቆሻሻ የሚችሉም አሉ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የተዘጋጀ ኢትባዮስ የሚባል መለኪያ ታትሟል፤ ከድንጋይ ሥር የተገኙትን ነፍሳት በወገን በወገን ለይቶ ለወንዙ ነጥብ ይሰጣል። ውዱእ የምናደርግበት ውኃ ጤናማ መሆኑን የሚናገር ምስክር ከእግራችን ሥር አለ ማለት ነው።

*ለወንድሜ የምመልሰው*

«የምንጎዳው አለ እንዴ?» ነበር ጥያቄህ።

ወንድሜ፣ አለ። ከአካፋህ ሥር አንዲት ኡማ አለች። በሶሒሕ ሐዲስ የተላለፈልንን የጉንዳኖቹን ታሪክ ታውቃለህ፤ አንዲት ጉንዳን ስለነከሰችው መንደራቸውን በሙሉ ያቃጠለው ነቢይ ከጌታው ወቀሳ እንደደረሰበት። የነከሰችው አንዲት ነበረች፤ የተቃጠለው ግን መንደር ነው። የወንዙ ነዋሪዎች ደግሞ አንዲት እንኳ አልነከሱንም።

ይህ ማለት ግን አሸዋ መጫን ሐራም ነው ማለት አይደለም። ፈትዋ ለመስጠት አልተነሳሁም፤ በላብህ የምታመጣውንም እንጀራ አልነቅፍም። ታናናሾችህ የሚማሩት በእሱ ነው። ሰው ቤት መሥራት አለበት፤ መስጂድም አጥር ያስፈልገዋል። አላህ በምድር ያለውን ለጥቅማችን አድርጎታል። የምልህ ጉዳትን የሚከለክለው የፊቅህ መርህ የሰው ማሳ አጥር ላይ አይቆምም ነው። ሳያስፈልገን የምናጠፋውን ነገር «ባለቤት የለውም» በሚል ቃል ማለፍ አንችልም። ባለቤት አለው፤ እኛም አማና ተሸካሚዎች ነን።

ስለዚህ የምለምንህ ልትችለው የምትችለውን ነው።

አንደኛ፦ ውኃ ከሚሄድበት መሐል አትዛቅ። ክረምት ጎርፉ ጥሎት በጋ የደረቀው የዳር ክምር አለ፤ ከእሱ ውሰድ። እሱንም ከውኃው ከፍታ በታች አትቆፍረው። ወለሉ ሲጎድጉድ ዳሩ ይናዳል፤ የተናደው አፈር ደለል ሆኖ ወደ ታች ይሄድና የሌላውን ቤት ይደፍናል።

ሁለተኛ፦ ሁሉንም ቦታ አትንካ። እዚህ ከወሰድክ እዚያ ተው። የተረፈው ወገን መልሶ የሚሞላው ካልተነካው ቦታ ተነስቶ ነው። ጆርጅስ ባንክ ላይ የሆነውን አይተናል።

ሦስተኛ፦ ክረምት ዓሣ ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ነው። በዚያ ወቅት ጠጠሩን ተውለት።

አራተኛ፦ አሸዋውን ጅረቱ ውስጥ አትጠብ፣ መኪናም ወንዝ ውስጥ አይታጠብ። ጭቃውና ዘይቱ የሚሄደው ወደነሱ ነው። ከእነሱም አልፎ በታች ውኃ ወደምትቀዳው እናት ነው።

ይህ ድካምህን እንደሚጨምር አውቃለሁ። ደረቁ ክምር አንዳንዴ ከመንገድ ይርቃል፤ ጋሪውም ተጨማሪ ዙር ይመላለሳል። የተጠማ ውሻ ያጠጣው ሰውም ጉድጓድ ወርዶ፣ ጫማውን በአፉ ነክሶ ወጥቷል፤ ምንዳውን ያገኘው ከዚያ ድካም በኋላ ነው።

*ያ ቀን እንዴት እንዳለቀ*

ያን ዕለት አሸዋውን የወሰድነው ከዳሩ ደረቅ ክምር ነው። ሁለት ዙር መመላለስ ሆነብን፤ ዙሁር ሊደርስ ሲል ጨረስን። ልንወጣ ስንል ያ ወንድማችን ወደ ውኃው ተመለሰ። እኔ ገልብጬ ዳር ላይ የተውኩትን ድንጋይ አየ። እኔ፣ ስለ ፍጥረት ሳስተምር የዋልኩት ሰው፣ ረስቼው ነበር። አነሳው፣ ሆዱ ላይ ያሉትን አየ፣ ከነበረበት ቦታ በነበረበት ጎኑ አስቀመጠው። «ኡስታዝ፣ ቤታቸውን ከፍተን ሄድን እኮ» አለኝ።

የተማርኩት እኔ ነኝ።

በዚህ ሳምንት ለእናንተም አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ወንዝ ወይም ምንጭ አጠገባችሁ ካለ ውረዱ። አንድ ድንጋይ በቀስታ አንሡ፤ ከሥሩ ያለውን እስከ አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያ በነበረበት ጎኑ መልሱት። ያያችሁትን ለታናሾቻችሁ ንገሩ። አንድ ደቂቃ በተፈኩር ማሳለፍ ቀላል ነው፤ ልብ ውስጥ የሚቀረው ግን ብዙ ነው።

አላህ ሆይ፣ ያየነውንም ያላየነውንም ፍጥረትህን እንድናከብር አድርገን። የሰጠኸንን አማና በአግባቡ ከሚሸከሙት አድርገን። በላባቸው የሚያድሩ ወንድሞቻችንን ሪዝቅ ሐላልና በረካ የሞላበት አድርግላቸው። ወንዞቻችንን ንጹሕ፣ ክረምታችንን መልካም አድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።